በሻንጣ የገባችው ካሜራና የጋሽ አምዴ ፊርማ

አንዲት ሴት ነበረች። ሶዶ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ የምታነሳ ሴት።

ጉርድ ፎቶ ታውቃላችሁ አይደል? ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ። «ቀና በሉ፣ አይሳቁ፣ ጆሮዎ ይታይ።» ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይህ ነበር። ሰባት ዓመት ሰውን ሁሉ ቀና በሉ ስትል እሷ ግን ቀና አላለችም። ልቧ ያለው ሰርግ ላይ ነዋ! ሙሽራ ማንሳት፣ ሚዜ ማንሳት፣ እናት ልጇን ስትስም ያቺን ቅጽበት ይዞ ማስቀረት። የምትፈልገው እሱን ነበር።

ሰዎች ታዲያ ምን ይሏታል? «ሴት ልጅ ካሜራ አንጠልጥላ በሚዜ መሃል አትሯሯጥም» ይሏታል። ይህ አልበቃ ብሏቸው ደግሞ «ካሜራሽስ ብትሆን?» ይጨምራሉ። በዚህኛው እንኳ አልተሳሳቱም፤ ካሜራዋ ከቀድሞው የፎቶ ቤቱ ባለቤት የተረፈች አሮጌ ናት። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት እንደ ሽማግሌ ትንሽ ታስላለች።

ስሟ አማረች ነው። ስሟን እንድጠራ ፈቅዳልኛለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ እንዲጠራ የማይወድ አንድ ሰው አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ፤ አታስቸኩሉኝ።

አማረች ቆጥባ ቆጥባ አዲስ ካሜራ ልትገዛ ተነሳች። ሁለት በር ነበረላት።

አንደኛው በር አዲስ አበባ ነው፣ የፋብሪካው ሕጋዊ ወኪል ሱቅ። በሩ መስታወት ነው። ገና ስትገቡ አስቀምጠው ውሃ ይሰጧችኋል። እዚያ የገዛ ሰው ካሜራው ሆድ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መዝገብ ላይ ይሰፍርለታል፤ ያው ቁጥር የተጻፈባት ብርማ ተለጣፊ ትለጠፍለታለች፤ የሁለት ዓመት ጋራንቲ በእጁ ይዞ ይወጣል። አማረች ሄዳ ጠየቀች። ዋጋውን ሲነግሯት የያዘችውን ውሃ ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች።

ሁለተኛው በር ሻንጣ ነው። ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ አለ፤ ልብሱን አንድ ጎን፣ ዕቃውን አንድ ጎን አድርጎ ይመጣል። እሱ ያመጣት ካሜራ ዋጋዋ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለፍርድ አትቸኩሉ። ሰባኪ የሻንጣ ዕቃ ብሎ አፉን ሲከፍት «ሊረግመው ነው» ብላችሁ ተዘጋጅታችኋል። አልረግምም። እውነቱን እንነጋገር። ካሜራዋ እውነተኛ ናት! ያው ፋብሪካ፣ ያው ሌንስ፣ የገጠማትም ያው እጅ። ከሱቋ ካሜራ ጎን ብታቆሟት መንታ ናቸው። ፎቶዎቹን አይታችሁ የትኛዋ በመስታወት በር፣ የትኛዋ በሻንጣ እንደገባች ከለያችሁ ይህን ማይክ እሰጣችኋለሁ። ዋጋው ደግሞ ግማሽ። ለጉርድ ፎቶ አንሺ ይሄ ትንሽ ነገር ነው? የቀረጡን ነገር ለየኅሊናችሁ እተወዋለሁ። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በየት በኩል እንደገባ ብጠይቅ የዛሬው ስብከት እዚህ ላይ ያልቃል።

ነጋዴውም አላታለላትም። ቁርጡን ነገራት። «እህቴ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው። ጋራንቲ ግን የለውም። ከሻንጣዬ ከወጣ በኋላ አንቺና እግዚአብሔር ናችሁ» አላት።

ልብ በሉ። ጉድለቱ ካሜራዋ ላይ አልነበረም። ጉድለቱ ከኋላዋ የቆመ ሰው አለመኖሩ ነው። ፀሐይ በሆነ ቀን ይህ ጉድለት ለማንም አይታይም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ካሜራዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ አማርኛ ይቅርና እንግሊዝኛ አትሰማም። ስትከፈት መስኮቷ ላይ ጥልፍ የመሰለ ጽሑፍ ይደረደራል። አማረች እጅ ሰጠች? አልሰጠችም! ጽሑፉን ትታ ቁጥር አደረገችው። ብርሃን ለመጨመር ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ። ፍላሽ ለማጥፋት አምስት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ። በቃሏ ያዘችው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ከእኛስ መካከል ምን እንደሚል ሳናውቅ በቁጥር ብቻ የምንጸልይ የለንም?

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ አገር ሰው ለሰርግ ፎቶ ሲዋዋል ካሜራ ማገላበጥ ይወዳል። ሌንሱን አያይም፣ ፎቶውን አያይም። ምን ያያል? ያቺን ብርማ ተለጣፊ። «ሰርግ አንድ ጊዜ ነው፤ ቢበላሽ የሚጠየቅ ይኑር» ይላል። የአማረች አዲሷ ካሜራ ደግሞ ሆዷ ባዶ ነው። አንዱ መጣ፣ ገለበጣት፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ገለበጣት፣ ሄደ።

ጎረቤቷ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ ነበር። እጁ ሥራ ያውቃል፣ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። «ይሄ ምኑ ያስጨንቃል! የአሮጌዋ ካሜራ ሆድ ላይ ተለጣፊ አለ አይደል? ከሷ አንስተን እዚች ላይ ማድረግ ነው» አላት።

«ቁጥሩስ? የሷ ቁጥር እኮ አይደለም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ቁጥር ማን ያነባል?»

የስልክ መስታወት በሚያላቅቅበት ማሞቂያ ሞቅ አደረጋትና በምላጭ ጠርዟን ይዞ አንድም ሳትጨማደድ አነሳት። ለጠፋት። ወገኖቼ፣ ያቺን ተለጣፊ ብታዩዋት ከፋብሪካ አብራ የተወለደች ነው የምትመስለው!

ከዚያ ወዲህ ሥራ መጣ። ምርቃት፣ ልደት፣ ሽምግልና። ተለጣፊዋን ሁሉም ያያታል፤ ቁጥሯን ግን እውነትም ማንም አያነብም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይል የለ ያገሬ ሰው? ገና አልሮጠችም ነበር።

ጥር ላይ እማማ ብዙነሽ መጡ። የቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«አማረች» አሏት፣ «የእኔ ሰርግ አንድ ፎቶ የለውም። ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ሲያነሳን ዋለና በኋላ ፊልሙ ተቃጠለ ብሎ ጠፋ። ባለቤቴ ይቺ ልጅ በሆዴ ሳለች ሞተ። ሙሽራ ሆኖ ምን ይመስል እንደነበር በአፌ ነው የምነግራት። አሁን አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ፊቱ እየጠፋኝ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

«ሴት ናት አትችልም አሉኝ። እኔ አንቺን ነው የምፈልገው። የልጄን እንዳታጠፊብኝ ብቻ።»

«አላጠፋም፣ እማማ።»

ካሜራዋን ተቀብለው ገልበጥ አደረጓት። ተለጣፊዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «እሰይ! ጋራንቲ አላት» አሉ።

አማረች ምን መለሰች? ምንም። ዝም አለች። ዝም ማለት መልስ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ለጉርድ ፎቶ ተቀመጠላት። ቁልፉን ተጫነች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋው መጋረጃ፣ ሹተር የሚሏት፣ ተነከሰች። መስኮቷ ላይ በጃፓንኛ አንድ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አማረች ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ አለች። ምንም። አምስት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ አለች። ምንም። ያ ሁሉ በቃል የተያዘ ቁጥር ለካ ለደህና ቀን ነበር።

ነጋዴው ጋ ደወለች። «ዱባይ ነኝ እህቴ። ነግሬሽ አልነበር?» አላት። ነግሯታል። ጎረቤቷን ጠራችው። ያ በተለጣፊዋ ቀን ሁሉን የሚያውቅ የመሰለ ጎረምሳ ከፈት አድርጎ አየና «ይሄስ ከእኔ በላይ ነው፤ መለዋወጫውም ወኪሉ ጋ ካልሆነ አይገኝም» ብሎ ዘጋው። አሮጌዋ እንኳን ሰርግ ጉርድም በሳል ነው የምታነሳው፤ ካሜራ ልትዋስ ከተማውን ዞረች። ጥር ነው፣ የሰርግ ሰሞን ነው፤ የማን ካሜራ ቤት ይቀመጣል?

የቀረላት ያ የመስታወት በር ብቻ ነው። ውሃውን አስቀምጣ የወጣችበት በር።

ማክሰኞ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታጠና ሄደች፦ «ስገዛት እንዲህ ነበረች።» ተለጣፊዋን ከጠየቋት የምትመልሰው ነው። ስገዛት እንዲህ ነበረች። ስገዛት እንዲህ ነበረች። አጥንታ አጥንታ ራሷ ልታምነው ምንም አልቀራት።

ረቡዕ ጠዋት ጥገናው ክፍል ገባች። ጠረጴዛው ጋ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ተቀምጧል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ጋሽ አምዴ ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ አምደሚካኤል ነው።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ከሶዶ ነው፣ ጋሼ።»

ካሜራዋን ተቀበላት። ገለበጣት። ተለጣፊዋን አየ። ሆዷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየ። መነጽሩን አወረደና ተለጣፊዋን ደግሞ አየ። ያ ማንም አንብቦት የማያውቅ ቁጥር የሚያነበው አገኘ!

ቀና ብሎ አያት። ምንም አልጠየቃትም። ዝም ብሎ ጠበቀ።

ዓረፍተ ነገሯ ምላሷ ላይ ነበረች። ስገዛት… ልትል አፏን ከፈተች። ግን የእማማ ብዙነሽ አውራ ጣት ትዝ አላት። ያቺን ውሸት «እሰይ» እያለ የዳሰሰው አውራ ጣት።

«ጋሼ፣ ተለጣፊዋ የሷ አይደለችም» አለች። «ከሌላ ካሜራ አስነስቼ ነው ያስለጠፍኳት። ካሜራዋ በሻንጣ ነው የገባችው። ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ። ሴትየዋን ዋሽቻቸዋለሁ።» እንባዋ መጣ።

«በር ስትገቢ አውቄያለሁ» አላት ጋሽ አምዴ። «ቻርጀሩን በእጅሽ ይዘሻል። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ሶኬት እኛ አናስገባም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺው እንድትነግሪኝ ነዋ።»

ወገኖቼ፣ ይሄን አትለፉት! ከመናገሯ በፊት ያውቃል። አውቆ ግን አላባረራትም። ስንቶቻችን ነን «ካወቀብኝ ያባርረኛል» ብለን ከደጁ የምንመለሰው? አውቆ እኮ ነው የተቀመጠው! አውቆ ነው የሚጠብቀው!

ከዚያ ደንቡን ነገራት። «በእኛ በኩል ያልገባ ዕቃ አንነካም። ከፍለሽም ቢሆን አንነካም። መለዋወጫ ከመጋዘን የሚወጣው መዝገብ ላይ ላለ ቁጥር ብቻ ነው። የአንቺ ቁጥር መዝገብ ላይ የለም።»

ካሜራዋን ወደ ቦርሳዋ ልትመልስ እጇን ዘረጋች። ጋሽ አምዴ ግን አልለቀቃትም።

«ለመሆኑ ጃፓንኛ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም!»

«ታዲያ በምን ትሠሪባታለሽ?»

«በቁጥር። ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ…» ብላ ሁሉንም በቃሏ ዘረዘረችለት። ጋሽ አምዴ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም» አለና መሳቢያውን ከፍቶ ቢጫ ቅጽ አወጣ።

የዚያ ቤት ሠራተኛ በዓመት አንድ ዕቃ በነጻ የማስጠገን መብት አለው። የራሱ ይሁን የሌላ ሰው፣ ከየትም ይግባ ከየት፤ ሠራተኛው ዋስ ሆኖ ከፈረመ መለዋወጫው ይወጣል። በዓመት አንድ ብቻ።

ከጋሽ አምዴ ጀርባ መደርደሪያ ላይ አንዲት ካሜራ ተቀምጣለች። በወረቀት ፕላስተር «የአምዴ» ተብሎ ተጽፎባታል። አማረች አየቻት።

«ያቺስ፣ ጋሼ?»

«የእኔ ናት። ትቆይ።»

የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ናት በኋላ የነገረቻት። የልጅ ልጁ ከተወለደች ሦስት ቀኗ ነው። የተበላሸች ካሜራውን አስጠግኖ ክርስትናዋን ሊያነሳባት ያቆያት መብቱ ነበረች። እሱ ግን «ትቆይ» አለ። በቃ። ዲስኩር አላደረገም።

አሁን ቅጹን ስሙ። «የዕቃው አገባብ» የሚል መስመር አለ። ምን ብሎ ቢሞላው ጥሩ ነው? ሊደብቅላት ይችል ነበር፣ ባዶ ሊተወው ይችል ነበር። አልተወውም። «በሻንጣ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ተለጣፊ» ይላል። «የሌላ ካሜራ» ብሎ ጻፈ። አማረች እያየች አንገቷን ደፋች። እውነቱ አንድም ሳይቀር ሰፈረ። ከታች ግን «ዋስ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የራሱን ስም ከነአያቱ ጻፈና ፈረመ!

አለቃው መጣና ቅጹን አነበበ። «አምዴ፣ ይህቺን ሴት ታውቃታለህ?» አለው።

«አሁን አወቅኳት» አለ ጋሽ አምዴ።

ሃሌ ሉያ የማይል ሰው አለ እዚህ? አሁን አወቅኳት! ዘመድ አይደለችም፤ የአገሩ ልጅ አይደለችም፤ በበሩ እንኳ የገባች አይደለችም። በቅጹ ላይ ስለሷ የተጻፈው ሁሉ የሚያሳፍር ነው። የመጨረሻው መስመር ግን የሷ ስም አይደለም፣ የሱ ነው! ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ካሜራዋ ብትበላሽ የሚጠራው እሱ ነው፤ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ካሜራዋ ተሠራች። አርብ አማረች ወደ ሶዶ ተመለሰች። ቅዳሜ ማለዳ በቀጥታ እማማ ብዙነሽ ጋ ሄደች። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ሙሽራዋ እየተዘጋጀች ነው። አማረች ካሜራዋን ገልብጣ አሳየቻቸው።

«ተለጣፊዋስ?» አሉ እማማ ብዙነሽ፣ ክው ብለው።

«የሷ አልነበረችም፣ እማማ። ዋሽቼዎት ነበር። ሰኞ ዕለት ተበላሽታብኝ ነበር። አሁን ግን ዋስ አላት።» የቅጹን ቅጂ ሰጠቻቸው። እማማ ብዙነሽ በከንፈራቸው አነበቡት። በሻንጣ። የሌላ ካሜራ። ዋስ፦ አምደሚካኤል።

«ይሄ ሰውዬ ዘመድሽ ነው?»

«አላውቀውም ነበር።»

እማማ ብዙነሽ ቅጹን ደግመው አነበቡት። የሚዜዎቹ መኪና ጥሩንባውን ሲያስጮህ ተሰማ። ከዚያ ቅጹን አጣጥፈው መለሱላትና «በይ ተነሺ፣ ሥሪ!» አሏት።

ወገኖቼ፣ አማረች ያን ቀን ሠራች! በሚዜ መሃል ተሯሯጠች። ወንበር ላይ ወጣች፣ መሬት ላይ ተንበረከከች። «ሴት አትችልም» ያሉት ሁሉ «እዚህም አንሺን፣ እዚህም አንሺን» እያሉ ተከተሏት። እማማ ብዙነሽ ልጃቸውን ሲሸኙ ግንባሯን ሳሟት፤ ያቺ ሹተር «ቀጭ» አለች። ያቺ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታ የነበረች ሹተር! ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው ታትሞ እጃቸው ገባ። እማማ ብዙነሽ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይኸው! ይኸው አልጠፋም!» እያሉ ገበያውን ሁሉ ዞሩ። ቅመም ሊገዛ የመጣ ሰው ፎቶውን ሳያይ ቅመም አይሸጡለትም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አምላክ «እናንተ የማትረቡ ናችሁ» አላለም። ያው እጅ ነው የሠራን። ያው ሌንስ አለን። ከሰው ጎን ብንቆም መንታ ነን፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን በመስታወት በር ከገቡት ይልቅ ጥሩ ፎቶ እናነሳለን። ደግ ነን፣ እንሠራለን፣ እንስቃለን። ጥያቄው እሱ አይደለም። ጥያቄው ሰኞ ጠዋት ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር ማን ይጠራልናል የሚለው ነው። ያ «አንቺና እግዚአብሔር ናችሁ» ብሎ የሸጠልን ዓለም ዱባይ ነው። ስልኩን ቢያነሳም «ነግሬሽ አልነበር?» ነው የሚለው።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? እንለጥፋለን! የአባታችንን እምነት አንስተን ደረታችን ላይ እንለጥፋለን። የእናታችንን ጾም፣ የመዘምራን ልብሳችንን፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ እዚሁ ቤት ነኝ» የሚለውን። አንድም አልተጨማደደም። ሰው ዳስሶ «እሰይ» ይለናል። እኛም ዝም እንላለን። ቁጥሩን የሚያነብ አንድ አለ፣ ወገኖቼ። ቁጥሩን የሚያነበው ደግሞ ቅጹ በእጁ ያለው ራሱ ነው!

ጌታ ስለ እኛ የጻፈውን ስሙ። «በሻንጣ» ብሎ ጻፈ። አልደበቀም። «የሌላ» ብሎ ጻፈ። ኃጢአታችንን «ምንም አይደለም» ብሎ አላለፈውም። ከታች ግን ዋስ በሚለው ላይ ስሙን ጻፈ። በምን ፈረመ? በደሙ ፈረመ! የራሱን መደርደሪያ ላይ ትቶ የእናንተን ወሰደ። ከሳሽ መጥቶ «እነዚህን ታውቃቸዋለህ?» ሲለው ኢየሱስ ምን የሚል ይመስላችኋል? አውቃቸዋለሁ ይላል! የእኔ ናቸው ይላል!

አማረች የተሠራችላትን ካሜራ ይዛ ምን አደረገች? ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራት አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ሄደች። ገንዘብ ተቀባይዋን ጠይቃ የክርስትናውን ቀን አውቃ ነበር። ጋሽ አምዴ የልጅ ልጁን ታቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ስልክ ይዛ ልታነሳው የቆመች ልጁ ነበረች። ከልጁ ጎን ደግሞ ማን ቆማለች? አማረች! ካሜራዋን ደቅና! «ቀና በሉ፣ ጋሼ!» አለችው። ሽማግሌው አይቷት ከት ብሎ ሳቀና «ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ!» ብሎ ጮኸ። ያ ፎቶ ዛሬም ጥገናው ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ አለ።

የተጠገነ ሰው እንዲህ ነው። የተጠገነለትን ይዞ ወደ ጠጋኙ ደስታ ይሮጣል። ማንም ሳይጠራው።

ያን ሞባይል ጠጋኝ ረሳችሁት? እኔ አልረሳሁትም። አርብ ዕለት አማረች ከአውቶቡስ ወርዳ ሱቁ መጣች። አንዲት ብርማ ተለጣፊ መዳፉ ላይ አደረገችለት። ጋሽ አምዴ በጥፍሩ አንስቶ የላከለት ናት። «ሰውየው ‹ይሄን የሠራው ልጅ እጁ ጥሩ ነው፤ ለቁም ነገር ያውለው› ብሎሃል» አለችው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ጎረምሳው ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልመጣለትም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰውም ለራሱም ሲለጥፍ የኖረ ልጅ፣ ከእናቱ ጎን እየተቀመጠ አሜን ሲል ያደገ ልጅ፣ የዚያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ ማሞቂያውና ምላጩ መሃል ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ የእኔ አይደለችም። ከሌላ ያነሳኋት ናት» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በራሱ ቃል ጸለየ።

ያ ልጅ ዛሬ ማይክ ይዞ ፊታችሁ ቆሟል። ተለጣፊዋም ይኸው፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ናት። እዩዋት። ዛሬም አልተጨማደደችም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቀና በሉ። የለጠፋችሁትን በገዛ ጥፍራችሁ አንሱት፣ አትፍሩ፤ ከበር ስትገቡ አውቆታል። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሚያሳፍራችሁ ሁሉ ተጽፎበታል፤ ከታች ያለው መስመር ግን ባዶ አይደለም። ተፈርሟል!